ዕዳው ተሰረዘ፤ ሂሳቡስ ለማን ቀረበ?

(በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ አገር ዕዳ እንድናገር ስትጋብዙኝ «መሐንዲስ ስለ ገንዘብ ምን ያውቃል» እንዳትሉኝ ሰግቼ ነበር። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከውል ጋር ኖሬያለሁ። ውሉን የሚፈርመውና ድልድዩ ሲደረመስ የሚያልቀው ሰው አንድ አይደሉም። የአገር ብድርም እንዲሁ ነው።

ደርግ ከሶቭየት ኅብረት በዱቤ ያመጣው መሣሪያ በገዛ ወገናችን ላይ ተተኮሰ፤ ዕዳው ደግሞ ለተተኮሰበት ሕዝብ ተረፈ። አሌክሳንደር ሳክ የተባለው የሕግ ሊቅ ገና በ1927 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ያልፈቀደው፣ ለሕዝብ ያልጠቀመ፣ አበዳሪውም ይህንኑ እያወቀ የሰጠው ብድር የአምባገነኑ የግል ዕዳ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አበዳሪዎች ግን ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ጆሯቸውን ይደፍናሉ።

አሁን ወደ ምርጫ 97 ልመልሳችሁ። ሰኔ 1 ቀን 1997 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሕዝብ ተገደለ። በዚያ ሰኔና በጥቅምት መጨረሻ የተገደሉት ሰላማዊ ዜጎች 193 እንደነበሩ ያረጋገጠው መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ነው። ከሰኔው ግድያ አንድ ወር በኋላ አቶ መለስ ስኮትላንድ፣ ግሌንኢግልስ ላይ የዕዳ ስረዛ ከሚያውጁት የስምንቱ ባለጸጎች መሪዎች ጋር ተቀምጠው ነበር። በጥር 2006 እ.ኤ.አ. የዓለም የገንዘብ ድርጅት የኢትዮጵያን ዕዳ ሲሰርዝ የቅንጅት መሪዎች ቃሊቲ ነበሩ። የታዩት መመዘኛዎች የኢኮኖሚ መረጋጋት፣ የድህነት ቅነሳና የመንግሥት ወጪ አያያዝ ናቸው። እስር ቤት ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

ያን ጊዜ እኔ «ስረዛው ይታገድ» ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ተሳስቼ ነበር፤ ዕዳው ባይሰረዝ ቀድሞ የሚራበው የገጠር ክሊኒክ እንጂ ቤተ መንግሥቱ አልነበረም። ለጋሾቹ ግን ከእኔ የባሰ ስህተት ሠሩ። ለመንግሥት በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቋርጠው ገንዘቡን «ለመሠረታዊ አገልግሎት» ብለው በወረዳ በኩል ላኩት። ወረዳው የማን ነበር? ካድሬው አይደለም እንዴ የተቀመጠበት? ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ማዳበሪያና እርዳታ ለተቃዋሚ እንዴት እንደሚከለከል ጽፏል።

የገንዘብ ድርጅቱ ቅድመ ሁኔታ ግን እስከ ዛሬ ቤታችን ድረስ ይዘልቃል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ተሳናት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 (ጁላይ 29፣ 2024) የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ጸደቀ። የዕዳ ሽግሽጉ ድርድርም የተንቀሳቀሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ የምትኖር ጡረተኛ መምህርት ናት። ከዚያች ዕለት በፊት የምልክላት 100 ዶላር በባንክ 5,700 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ10,000 በላይ ነው። (በጥቁር ገበያ የምትልኩ ቀድሞም ታውቁታላችሁ፤ ስም አልጠራም።) ጡረታዋ ግን እንደዚያ አላደገም፤ ዘይቱ ግን ጨምሯል። በስልክ «አንተ ዶላር ያለህ ተጠቀምክ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እኔ ቅድመ ሁኔታ ሁሉ ይቅር አልልም። የብድር ውሉ በአማርኛም በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን ይታተም፣ ፓርላማው ሳይከራከርበት አይፈረም፣ የታሰረ ጋዜጠኛ ይፈታ የሚል ቅድመ ሁኔታ ገዢውን ለሕዝቡ ተጠያቂ ያደርገዋል። የዘይትን ዋጋ ዋሽንግተን ላይ የሚወስን ግን ገዢውን ተጠሪነቱ ለዋሽንግተን ያደርገዋል፤ እህቴም ከሁለቱም ውጭ ትቀራለች።

የምንኖረው ኦሃዮ ነው፤ በዚያ ድርጅት ውስጥ ትልቁ ድምፅ ደግሞ የአሜሪካ ነው። እንደራሴዎቻችሁ ቢሮ ስትደውሉ ይህን ልዩነት ንገሯቸው። እኔ ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።