ቡናና ብጉር
(በራቤል ለክረምት ዕረፍት ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ፊቱ ብጉር ያወጣ ልጅ «ቡና አብዝተህ ነው» ይባላል፤ ከረከቦቱ አጠገብም ተነሥ ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል መሆኑን ዛሬ አብረን እንመርምር።

ቡና ሲወቀስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የሸዋ ክርስቲያን የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብሎ ለብዙ ዘመን ርቆት ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ስለ ጠጡትና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ስለ አቃለሉት እየተለመደ መጣ። ዛሬ የራቤል ብርድ ቡና ባያበቅልም፥ ከቤታችን ጀበና አይጠፋም።

ብጉር የሚመጣው በጉርምስና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚነሡ ሆርሞኖች የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ከልክ በላይ ስለሚያሠሩ ነው። ቅባቱ ከሞተ ቆዳ ጋራ ሆኖ ቀዳዳውን ሲደፍን ባክቴሪያዎች ይራቡበታል፤ ያን ጊዜ ይቀላል፥ ያብጣል። ጥቁር ቡና ይህን ያመጣል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም።

ስኳሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ከ15 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 43 ወጣቶች ተጠንተው ነበር። የደምን ስኳር ቶሎ የሚያንር ምግብ የቀነሱት፥ በ12 ሳምንት ውስጥ ብጉራቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀለለ። እንግዲህ በየሲኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ሲባል ዘጠኝ ማንኪያ ነው! ተከሳሹ ጀበናው ሳይሆን የስኳሩ ዕቃ ነው። በጨው የሚጠጡት አያቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ሳይሻሉ አይቀሩም።

እኛ ከቡናው ይልቅ የምንፈራው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን የፊት ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት ለጥቂት ቀን ፊትን ያጠራል። ሲቆይ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ራሱም ብጉር ያወጣል፤ ሲተዉት ደግሞ ብሶ ያገረሻል። እናቶቻችን፥ ልጃችሁን ቡና ከመከልከላችሁ በፊት የምትቀባውን ጠይቋት። ከጸጉር ወደ ግንባር የሚወርድ ቅቤም ቀዳዳውን ይደፍናልና፥ ግንባሯን ትታጠበው።

ጠባሳ የሚጥል ብጉር ሲሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ከዚያም ካለፈ፥ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምና በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሐኪሞች አሉት። እንደ ቤንዞይል ፔሮክሳይድ ያለው መድኃኒት ውጤቱን የሚያሳየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሦስተኛው ቀን መስተዋት አይተን አልሠራም ብለን አንጣለው።