ከኮምፒውተሩ በፊት የሚጠሩ ስሞች

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች የትውልድ ሐረግን መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ርስትም፣ ማለትም ከቀዳሚው አቅኚ በመወለድ የሚገኝ የመሬት መብት፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪቀር ድረስ የሚጠየቀው እንዲሁ በቆጠራ ነበር።

ዛሬ ይህንኑ ቆጠራ መዝግቦ ለማኖር ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነት ነው። ለስምና ለድሮ ፎቶግራፍ ግን መጠነኛ ፍጥነት ይበቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይልቅ የሚያስፈልገው ባትሪው የሚቆይ ላፕቶፕ፣ ቅጂ የሚቀመጥበት ተጨማሪ ዲስክ፣ እንዲሁም በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ መለያ በሚሰጠው ሥርዓት፣ የሚሠራ የአማርኛ መተየቢያ ነው፤ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣልና። በውጭ አገር የተሠሩ የዘር ሐረግ ፕሮግራሞችም (ሻጮች ይህን አያነሡም) ብዙውን ጊዜ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የአባት ስም በየትውልዱ በሚለወጥበት አገር ግን አባትና ልጅ የሁለት ቤት ሰዎች መስለው ይመዘገባሉ።

ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ወርም ገበያ ላይ ይገኛል፤ ሰባቱን ቤት በቃላቸው የያዙት አያት ግን አርጅተዋል። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ ከሱቁ በፊት አያቱ ዘንድ ቁጭ ይላል፣ በእጁ ባለው ስልክ ድምፃቸውን ይቀዳል፤ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበረ የእናቱንም ወገን ያስቆጥራል።