እክልን ስለ መግለጥና ኤዲተር ስለሚሰጠው ርዳታ
(በሳሊተ ምሕረት በተደረገ የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከውጭ ሲያዩት ታናሽ ነው። በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ መሥመር እንደ ተጻፈ ከሥሩ ቀይ ምልክት ይሰመርበታል፤ ከጎኑም ትንሽ የአምፖል ሥዕል ብቅ ይላል። አምፖሉ ሲነካ ኤዲተሩ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፤ አንደኛው እክሉን በሜተዱ አርእስት ላይ ግለጠው ሲል፣ ሁለተኛው እክሉን እዚሁ ያዘው ይላል። ብዙ ሰው የቱን እንደ መረጠ ሳያስተውል አንዱን ተጭኖ ያልፋል፤ ቀዩ ምልክት ሲጠፋለትም ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። እኛ ግን በዚያች በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ ትልቅ ውሳኔ ይወሰናል እንላለን። የሚወሰነውም ነገር ይህ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ማን ይስማ? ማንስ ሳይሰማ ይቅር?

በመጀመሪያ ቃሉን እናብራራ። ፈረንጆች ‹ኤክሴፕሽን› የሚሉትን በዚህ ንግግር ‹እክል› ብለን እንጠራዋለን። እክል ማለት ሜተዱ የተላከበትን ሥራ እንዳይፈጽም የሚያደርገው ያልተለመደ ሁኔታ ነው፤ ፋይሉ ሲታጣ፣ መሥመሩ ሲቋረጥ፣ ቁጥር ይገባበታል በተባለው ቦታ ፊደል ሲገኝ። ‹ስሮውስ› የሚባለው ቃል ደግሞ በሜተዱ አርእስት ላይ የሚጻፍ መግለጫ ነው፤ ይኸውም እኔን የሚጠራ ሁሉ ይህ እክል ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ ማለት ነው።

ለዚህ ሩቅ ሳንሄድ ምሳሌ አለን። ከመገናኛ ወደ ሳሊተ ምሕረት የሚሄድ ታክሲ መንገድ የተዘጋበት እንደ ሆነ ጨዋው ረዳት ገና ሰው ሳይጭን ‹‹እስከ ሲ.ኤም.ሲ. ብቻ ነው!›› ብሎ ይጮኻል። ተሳፋሪው ይህን ሰምቶ ወይ ይሳፈራል፣ ወይ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ውሳኔው በእጁ ነው። ሌላው ረዳት ደግሞ ዝም ብሎ ሒሳብ ሰብስቦ በመንገድ መካከል ‹‹ውረዱ›› ይላል። መንገዱን የዘጋው ከሁለቱ አንዱም አይደለም፤ በእክሉ እኩል ናቸው። ልዩነታቸው አንደኛው መግለጡ፣ ሁለተኛው መደበቁ ነው።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ሲቀርብ ይህን የጨዋ ረዳት ልማድ ሕግ አድርጎ ደነገገው። እክሎችን በሁለት ወገን ከፈላቸው። አንደኛው ወገን ኮምፓይለር የሚቈጣጠረው ነው፤ ለምሳሌ ፋይል በማንበብና በመጻፍ ጊዜ የሚደርሰው ‹አይ-ኦ ኤክሴፕሽን› የሚባለው እክል ከዚህ ውስጥ ነው። ይህን እክል ወይ መያዝ ወይ መግለጥ ግዴታ ነው፤ ሁለቱንም ያላደረገ ፕሮግራም አይተረጐምም። ሁለተኛው ወገን ‹ራንታይም› የሚባለው ነው፤ ስለ እርሱ ኮምፓይለር አይጠይቅም።

ኤዲተሮች በዚህ ላይ የሚሰጡት ርዳታ እውነተኛ ርዳታ ነው። ኢክሊፕስና ኢንቴሊጄ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድም ለጃቫ የሚሰጠውን ርዳታ የሚያገኘው ከኢክሊፕስ ወገን ከሆነ መሣሪያ ነው። በኢክሊፕስ ኮንትሮልና 1፣ በኢንቴሊጄ አልትና ኢንተር ስንጫን፣ ኤዲተሩ የእክሉን ስም አጣርቶ በአርእስቱ ላይ ይጽፋል፤ የሚያስፈልገውንም ኢምፖርት ይጨምራል። የሰው እጅ ሊስተው የሚችለውን የፊደል ሥራ ያለ ስሕተት ይፈጽማል። ነገር ግን የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህን እክል ሊያርም የሚችለው ሰው የት እንደ ተቀመጠ አያውቅም። እርሱን የሚያውቅ ጸሓፊው ብቻ ነው።

ከሁለቱ ምርጫዎች አደገኛው ሁለተኛው ነው። ኢክሊፕስ እክሉን እዚሁ ያዘው ሲባል በመያዣው ውስጥ አንድ ማሳሰቢያ ጽፎ፣ ቀጥሎ የእክሉን ዝርዝር በስክሪን ላይ የሚያትም አንድ መሥመር ያስገባል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። ኢክሊፕስ ያንን ማሳሰቢያ የጻፈው ጸሓፊው ተመልሶ እንዲሞላው ነበር፤ ዳሩ ግን ማሳሰቢያው ሳይነካ ስንቱ ፕሮግራም ለአገልግሎት ቀርቧል!

ይህ የሚያመጣውን ጉዳት በሠፈራችን ሱቅ እንመልከተው። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ትቶ ዕዳውን በኮምፒዩተር ይመዘግባል እንበል። ፕሮግራሙ ጧት ሲከፈት የዱቤውን ፋይል ያነባል፤ ማታ ሲዘጋ መልሶ ይጽፋል። አንድ ቀን ጧት ፋይሉ አልከፈት አለ። የሚያነበው ሜተድ እክሉን በኤዲተር ርዳታ ይዞታልና ዝርዝሩን ማንም በማያየው ስክሪን ላይ አትሞ ባዶ መዝገብ ይመልሳል። ለጠራውም ሜተድ ባዶ መዝገብ ማለት ባለዕዳ የለም ማለት ነው። ማታ ፋይሉ ደኅና ሆኖ ሲከፈት ፕሮግራሙ ያንኑ ባዶ መዝገብ በአሮጌው ላይ ጻፈበት። የብዙ ወር ዱቤ በአንድ ሌሊት ጠፋ። ሜተዱ እክሉን ገልጦት ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ጧት ‹‹መዝገቡ አልተነበበም›› ብሎ በቆመ፤ ባለሱቁም አንድ ሰዓት ቢያጣ እንጂ ገንዘቡን ባላጣ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ነገሩ ከሱቅ ወደ ሰማይ ሲወጣ ደግሞ ዋጋው ሕይወት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓ ሮኬት አሪያን 5 ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኵሶ 40 ሴኮንድ ያህል ከበረረ በኋላ ፈነዳ። በአቅጣጫ መሪው ኮምፒዩተር ውስጥ በ64 ቢት የተጻፈ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲለወጥ አልበቃ አለና እክል ተነሣ፤ ለዚያ ቁጥር መያዣ አልተጻፈለትም ነበር። መጠባበቂያውም ኮምፒዩተር በዚያው ምክንያት ቆሞ ነበር። ይልቁንም የሚያስተምረን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ የተሰናከለው ኮምፒዩተር ስለ ራሱ ስንክል የላከውን መረጃ ዋናው ኮምፒዩተር የበረራ ቁጥር ነው ብሎ ተቀበለው፤ በእርሱም ሮኬቱን አዘመመው። የእክል ወሬ እንደ ጤና ወሬ ተነበበ ማለት ነው። የባለሱቃችን ባዶ መዝገብ ከዚህ በመጠን ያንሳል እንጂ በዓይነት አይለይም።

ሁለተኛው ለእኛ ቅርብ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ 5 ወር ያህል ቀደም ብሎ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ገብቷል። በሁለቱም ላይ ‹ኤምካስ› የሚባለው ፕሮግራም ከአንድ መለኪያ የመጣለትን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚነግር ማስጠንቀቂያ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ሁሉ ላይ መሥራት ሲገባው፣ ተጨማሪ የሆነው ማሳያ ባልተገዛበት አውሮፕላን ላይ አይሠራም ነበር፤ ይህንንም ቦይንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 አምኗል። የአደጋው ምክንያት ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው አንልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። የምንለው፣ የማይስማሙ ሁለት ቁጥሮች እያሉ አለመስማማታቸው ለሚመለከተው ሰው አለመገለጡ የእኛው ጉዳይ በትልቁ ተጽፎ ነው።

እዚህ ላይ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ክርክሩም ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሲ-ሻርፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያ ዕትሙ የወጣው ኮትሊንም ይህን የጃቫ ሕግ አልተቀበሉም። ሲ-ፕላስ-ፕላስም የነበረውን የእክል መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2017 ከቋንቋው አወጣ። የሲ-ሻርፕ ዋና ነዳፊ አንደርስ ሄልስበርግ እንደሚለው፣ ፕሮግራሙ ሲሰፋ መግለጫው እየተደረበ ይሄዳል፤ ጸሓፊውም ይሰለችና ወይ ‹‹ማንኛውም እክል ሊመጣ ይችላል›› የሚል ጥቅል ቃል ይጽፋል፣ ወይ ባዶ መያዣ አድርጎ ይገላገላል። ይህ ሐሰት ነው ልንል አንችልም። ነገር ግን ሰዎች ሕጉን በማታለል ስላለፉት ሕጉ የቆመለት ነገር ከንቱ አይሆንም። ሕጉን የተዉት ቋንቋዎችም ቢሆኑ ግዴታውን ከኮምፓይለር ትከሻ ወደ ጸሓፊው ትከሻ አዛወሩት እንጂ አላጠፉትም። ጎ እና ረስት የሚባሉት አዲሶቹ ቋንቋዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ተመለሱበት፤ ስሕተቱ ራሱ በሜተዱ መልስ በኩል እንዲመለስ አደረጉ።

ደግሞም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ የሚያስፈልገን እክል ሕጉ ጨርሶ የማይነካው ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የቀን መቍጠሪያ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሒጅራን አቈጣጠር ሲያካትት የእኛን አላካተተም። እንግዲህ አንድ ተማሪ ጳጉሜን 5 ቀን 2017ን 13ኛ ወር ብሎ በተለመደው መንገድ ቢያስገባ እክል ይነሣበታል፤ ጥቅምት 30ንም 2ኛ ወር ብሎ ቢያስገባ የፌብሩዋሪ 30 ነው ተብሎ እንዲሁ ይነሣበታል። ይህ እክል ከራንታይም ወገን ስለሆነ ኮምፓይለር አያስጠነቅቅም፤ ኤዲተሩም ቀይ ምልክት አያሰምርም። መስከረም 1 ቢገባ ግን ጃኑዋሪ 1 ነው ብሎ ያለ አንዳች ድምፅ ይቀበላል፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው። ስለዚህ ቀይ ምልክት አለመኖሩ እክል አለመኖሩን አያስረዳም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚከተለውን ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

1ኛ፤ አምፖሉን ከመንካታችን በፊት ይህን እክል ማን ሊያርመው ይችላል ብለን እንጠይቅ። ሜተዱ ራሱ የሚችል ከሆነ፣ ለምሳሌ የተቋረጠውን መሥመር ደግሞ መሞከር ከቻለ፣ ይያዘው። ካልቻለ ይግለጠው።

2ኛ፤ ስንገልጥ በትክክለኛው ስም እንግለጥ። ጥቅል ስም መስጠት እስከ አንድ ቦታ ብቻ ነው እንደ ማለት ነው፤ የት እንደሚያወርድ አልተናገረም።

3ኛ፤ የላይኛው ሜተድ ወይም ኢንተርፌስ ያልገለጠውን በኮምፓይለር የሚጠበቅ እክል ከሥሩ ያለው ሊጨምር ሕጉ አይፈቅድም። እንዲህ ያለ ጊዜ እክሉን በሌላ እክል ጠቅልሎ ማለፍ ይቻላል፤ የመጀመሪያውን እክል ግን ከውስጡ አብሮ ማስቀመጥ እንዳይረሳ፤ አለዚያ መርማሪው ዱካውን ያጣል።

4ኛ፤ ፋይልና መሥመር በእክል ጊዜም ቢሆን መዘጋት አለበትና፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃቫ 7 ያመጣውን ራሱ የሚዘጋውን ‹ትራይ› እንጠቀም።

5ኛ፤ ኮምፓይለር የማይጠይቀውን እክል፣ እንደ ጳጉሜን ያለውን፣ በሜተዱ ማብራሪያ ላይ በእጃችን እንጻፍ።

6ኛ፤ ኤዲተሩን እናስተምረው። ኢክሊፕስም ኢንቴሊጄም በመያዣው ውስጥ የሚጽፉት ቃል በቅንብራቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ባዶ መያዣም ሲያዩ እንዲከሱ ማድረግ ይቻላል። ይህ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ መናገራችን ለፈተና ነጥብ ብለን አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ለማውጣት መቻላቸውን፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች እንደ ነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘቡን መልሱ ብለው እንደ ለመኑ ሁላችን እናስታውሳለን። ስለ እክል ስንማር የሚሰጠን የመጀመሪያ ምሳሌ ‹‹ቀሪ ሒሳብ አይበቃም›› የሚለው መሆኑን ስናስብ የዚያ ሌሊት ወሬ ከትምህርታችን የራቀ እንዳልሆነ ይገባናል። ያን ጊዜ የተማሪው ፈተና የወሰደውን መመለስ ነበር። ነገ ግን የባንኩን፣ የሐኪም ቤቱንና የአየር መንገዱን ፕሮግራም የምንጽፈው እኛው ነን፤ ፈተናችንም ሌላ ይሆናል። ማንም በማያየን ሰዓት አምፖሉ ሲበራ፣ እክሉን ለሚመለከተው ሰው እንነግራለን ወይስ እንደብቃለን?

መምህራኖቻችን የተማሪን ፕሮግራም ሲያርሙ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚናገርም እንዲመረምሩልን በትሕትና እንለምናለን።