ያለ ስንቅና ያለ ምርቃት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



 ንግግር እንዳዘጋጅ በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ምን እንደምናገር ብዙ አሰብሁ። ስለ ትምህርት ጥቅም እንዳልናገር፣ ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት ሁሉ ተናግረውታል። በመጨረሻ ግን ዘንድሮ ተፈታኞች የሆንነው ሁላችን በልባችን የያዝነው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እርሱም መሄድ ነው።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን። ባሕር ማዶን የሚያልም ከመካከላችን የለም ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። እናቴ ከአሁኑ የበሶውን ገብስ ማሰናዳት ጀምራለች። አባቴም በዚያን ዕለት ከደጃፍ አቁመው እንደሚመርቁኝ አውቃለሁ። በአገራችን መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ስንቅና ምርቃት። ዛሬ የምነግራችሁ ሁለቱንም ሳይዙ ስለ ወጡ፣ ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙም ስለማይርቅ ወጣቶች ነው። ታሪኩን ያገኘሁት የእንግሊዝኛ መምህራችን «ፍራንከንስታይን» የተባለውን መጽሐፍ ካስነበቡን በኋላ፣ ደራሲዋ ከዚያ አስቀድማ ያሳተመችውን ትንሽ የጕዞ መጽሐፍ ፈልጌ በማንበቤ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሜሪ ጎድዊን በኦገስት 30 ቀን 1797 በሎንዶን ከተማ ተወለደች። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ስለ ሴቶች መብት በ1792 ያሳተመችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል፤ ነገር ግን ልጅዋን በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተች። አባቷ ዊሊያም ጎድዊን ስመ ጥር ፈላስፋ ነበር፤ ዕዳ ግን ከቤቱ ተለይቶ አያውቅም። ፐርሲ ሼሊ የተባለው ወጣት ባለቅኔ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ከአባቱ ጋራ ተጣልቶ ከጎድዊን ቤት ይመላለስ ጀመር። ሜሪና እርሱም ተዋደዱ። እርሷ ገና 16 ዓመቷ፣ እርሱ 21 ዓመቱ ነበር። ከዚህም የሚከፋው፣ ሼሊ ሚስት የነበረችው፣ አንዲት ሴት ልጅ የወለደና ሁለተኛ ልጅም የሚጠብቅ ሰው መሆኑ ነው። አባቷ እንዳይገናኙ ከለከለ። ይህን ነገር ልሸፋፍነው አልፈልግም፤ የታሪኩ ሥር ይህ ነውና።

በጁላይ 28 ቀን 1814፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ሜሪ ከእንጀራ እናቷ ልጅ ከክሌር ጋራ ከአባቷ ቤት ወጣች። ሼሊ በሠረገላ ይጠብቃቸው ነበር። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ናፖሊዮን ከዙፋኑ ወርዶ ስለ ነበር፣ ለብዙ ዘመን በጦርነት ተዘግቶ የቈየው የፈረንሳይ አገር መንገድ ለእንግሊዛውያን ተከፍቶ ነበር። ከዶቨር ወደብ ትንሽ ጀልባ ተከራይተው ባሕሩን በሌሊት ተሻገሩ። በሁለት ሰዓት ያልቃል የተባለው መንገድ ማዕበል ተነሥቶበት ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፤ ፀሐይ የወጣችላቸው በፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ነው። የእንጀራ እናቷም በሚቀጥለው መርከብ ተከትላ እስከ ካሌ ድረስ መጣች፤ ልጅዋን ክሌርንም እንድትመለስ ለመነቻት። ክሌር እምቢ አለች፤ እናትም ብቻዋን ተመለሰች። ይህን ስፍራ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ።

ፓሪስ በደረሱ ጊዜ ኪሳቸው ባዶ ሆነ። ሼሊ ሰዓቱን ከነሰንሰለቱ ሸጠ፤ ብዙ ከተንከራተተም በኋላ 60 ፓውንድ አገኘ። ሐሳባቸው እስከ ስዊስ አገር መድረስ ነበር፤ ሦስት ሰው በሠረገላ ቢሄድ ግን ያ ገንዘብ እንደማይበቃ ዐወቁ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። ገንዘብ ከሌለ ግን መንገዱ በምድር፣ ያውም በእግር ነው። ስለዚህ ከገበያ አንዲት አህያ ገዝተው ዕቃቸውን ጫኑና በኦገስት 8 ቀን ጕዞ ጀመሩ። ከእኛ መካከል አንድ የገጠር ልጅ ዐብሯቸው ቢሆን ኖሮ አህያይቱን ገና ከገበያው ላይ አይቶ «ይህች አትሆንም» ባላቸው ነበር። ብዙ ሳይርቁ ደከመች፤ ሻራንቶን በተባለ ስፍራ እርሷን ሸጠው በቅሎ ገዙ።

ከዚያ በኋላ ያዩት ነገር የሚያሳዝን ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጦርነቱ በዚያ መንገድ አልፎ ነበር። ኮሳኮች የሚባሉት የሩሲያ ፈረሰኞች ብዙ መንደሮችን አቃጥለዋል፤ ከብቱንም ነድተዋል። መንገደኞቹ ወተት ሲለምኑ ላም የለም፤ ዳቦ ሲለምኑ ዱቄት የለም። በአንድ መንደር ያሉ ሰዎች ናፖሊዮን ከዙፋኑ መውረዱን እንኳ አልሰሙም ነበር። «ቤታችሁን ለምን መልሳችሁ አትሠሩም?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ኮሳኮች ተመልሰው ያቃጥሉብናል ብለው እንደሚፈሩ ተናገሩ። ጓደኞቼ ሆይ፤ በፈጣን ሠረገላ መጋረጃ ጥሎ የሚያልፍ ሀብታም ይህን ከየት ይሰማዋል? በድኻ እግር የሄደ የድኻን ቤት ያያል። የገንዘብ ማነስ ዓይናቸውን ከፈተላቸው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ነገር ግን ዓይን ተከፈተ ማለት ልብ ሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ሜሪ ባረፈችባቸው ድኻ ቤቶች ስለ ነበረው ቈሻሻ በምሬት ጽፋለች፤ በኋላም ዐብረዋት በጀልባ የተሳፈሩትን ተራ ሰዎች በጣም ንቃለች። ሼሊም ከመንገድ ላይ ያገኛት አንዲት ትንሽ ልጅ ደስ ስላለችው ወስዶ ሊያሳድጋት ፈለገ። የልጅቱ አባት ግን አልሰጥም አለ። ያ አባት ልጁን አልሰጥም ሲል፣ ሼሊ የራሱን የአንድ ዓመት ሕፃን ሎንዶን ላይ ትቶ መምጣቱን አስቦ ይሆን?

ሼሊ እግሩ ወለም ስላለው፣ በቅሎዋ ላይ እርሱ ተቀምጦ ሁለቱ ልጃገረዶች በእግር ይሄዱ ጀመር። ትሯ ከተማ ሲደርሱ በቅሎዋን ሸጠው ሠረገላ ገዙ፤ ነጂም ቀጠሩ። ነጂው ግን እንደ ወደደ የሚያደርግ ሰው ሆነና በመንገድ ላይ ጥሏቸው ወደ ፊት ሄደ። ወደ ኑሻቴል ሲቀርቡ የአልፕስን ተራሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አዩ፤ በረዶ የለበሱት ጫፎች ነጭ ደመና ይመስሉ ነበር። በኑሻቴል ሼሊ ከአንድ ባንክ ወደ 38 ፓውንድ ያህል ተበድሮ በብር ሳንቲም ስለ ተሰጠው፣ በከረጢት ተሸክሞ እየተንገዳገደ ተመለሰ። ከረጢቱ ከባድ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ትንሽ ነበር።

በሉሰርን ሐይቅ ዳር ብሩነን በምትባል መንደር ሁለት ክፍል ለስድስት ወር ተከራዩ። እዚያም ለመኖር አሰቡ። ነገር ግን ቁጭ ብለው የቀረውን ቢቈጥሩት 28 ፓውንድ ብቻ ሆነ፤ እስከ ዲሴምበርም ሌላ የሚያገኙበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የስድስት ወር ቤታቸውን በሁለት ቀን ትተው ወደ አገራቸው ለመመለስ ቈረጡ።

እንዴት ይመለሱ? ከሁሉ ርካሹ መንገድ ውሃ ነበር። የሮይስ ወንዝ ውሃ በሉሰርን በኩል አልፎ በኋላ ከታላቁ የራይን ወንዝ ይደርሳል፤ ራይንም በጀርመን አገር አልፎ እስከ ሆላንድ ይወርዳል። ወንዙ ራሱ ስለሚወስድ ለፈረስ የሚከፈል የለም። ስለዚህ ከነጋዴዎችና ከጭነት ጋራ ተጨናንቀው በጀልባ ወረዱ። ከጀልባዎቹ አንዷ ሳንቃዋ በግድየለሽነት የተመታ ስለ ነበረ ውሃ ያለማቋረጥ ይገባባት ነበር፤ እየጨለፉም ይደፉት ነበር። በባዝል፣ በስትራስቡርግ፣ በማይንትስ፣ በኮሎኝ በኩል አልፈው እስከ ሮተርዳም ደረሱ። ከስዊስ እስከ እንግሊዝ 800 ማይል ያህል የሚሆነውን መንገድ ከ30 ፓውንድ ባነሰ ገንዘብ መጨረሳቸውን ሜሪ በደስታ ጽፋዋለች።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ሜሪ 17 ዓመት የሞላት በዚሁ በራይን ወንዝ ጕዞ ላይ ሳለች ነው። በእነዚያ ቀኖች ሼሊ በጀልባው ውስጥ አንድ መጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸው ነበር። መጽሐፉ እናቷ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ዴንማርክ ተጕዛ በ1796 ያሳተመቻቸው ደብዳቤዎች ናቸው። እስቲ አስቡት! እናቷን በሕይወት የማታውቅ ልጅ፣ በባዕድ ወንዝ ላይ፣ የእናቷን የመንገድ ወሬ ስትሰማ። ያለ ምርቃት ለወጣችው ልጅ ምናልባት ምርቃት የሆናት ይህ ብቻ ነበር።

በሴፕቴምበር 13 ቀን 1814 ግሬቭስኤንድ ከሚባለው የእንግሊዝ ወደብ ደረሱ። የመርከቡን ዋጋ የሚከፍሉበት ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ጀልበኛ ዋጋውን ሊቀበል ዐብሯቸው ሎንዶን ገባ። ሼሊ ከዚያም ከዚህም ለምኖ ሳይሳካለት ቀረ። በመጨረሻ ወዴት ሄደ ትላላችሁ? ትቷት ወደ ሄደው ወደ ሚስቱ ወደ ሃሪየት ነው። ሜሪና ክሌር በውጭ በሠረገላ ውስጥ ሲጠብቁ፣ ሃሪየት ገንዘቡን ሰጠችው።

ሜሪ «ከ30 ፓውንድ ባነሰ ገንዘብ» ብላ ጽፋለች። የሂሳብ መምህራችን ይፍረዱኝና፣ ይህ ሂሳብ ልክ አይደለም። ሃሪየት የከፈለችው አልተደመረበትም። እርሷም በዲሴምበር 1816 በሎንዶን በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ካሌ ድረስ ሄዳ ባዶ እጅዋን የተመለሰችው እናትም አልተደመረችበትም።

የሜሪ አባትስ? በሩን ዘጋባት። በጽሑፉ ስለ ሰው ልጅ ነጻነት ያስተማረው ያ ፈላስፋ ልጁን ላለማየት ከሁለት ዓመት በላይ ቈየ። የሼሊን ገንዘብ ግን ከመፈለግ አላቋረጠም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሜሪ በ1815 የመጀመሪያ ልጅዋን ወልዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበረች፤ አባቷ ግን በሩን አልከፈተም። የተከፈተው ሃሪየት ከሞተች በኋላ፣ በዲሴምበር 30 ቀን 1816 ሜሪና ሼሊ በተጋቡ ጊዜ ነው። በወንጌል የምናውቀው የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ከሩቅ ባየው ጊዜ ሮጦ ተቀበለው። የሎንዶኑ አባት ግን ልጁ ከደጃፉ ደርሳ ሳለች አልተቀበላትም።

የጕዞው መጽሐፍ በ1817 የደራሲ ስም ሳይጻፍበት ታተመ። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶም በጃንዋሪ 1818 «ፍራንከንስታይን» ወጣ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ከስትራስቡርግ ተነሥተው በራይን ወንዝ በጀልባ ይወርዳሉ። መንገዱን ሜሪ ከሌላ አልቀዳችውም፤ በጀልባ ውስጥ ሆና ያየችው ነው። የመጽሐፉም ፍሬ ነገር ፈጣሪው ፊቱን ስላዞረበት ፍጡር ነው። ሜሪ ስለ አባቷ ጻፍሁት አላለችም፤ እኔም አልልባትም። ግን በር የተዘጋበት ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ።

ጓደኞቼ! የኪስ ባዶነት ሰውን ከመማር አይከለክለውም። ሰዓት ሸጦ፣ በቅሎ ነድቶ፣ በጀልባ ተጨናንቆ የሄደ ሰው ብዙ ያያል። ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለን ዓለምን ከማየት አንስነፍ። ነገር ግን መንገዳችን ረከሰ ከማለታችን በፊት ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎልን እንደ ሆነ እንመርምር። ከቤት የሚወጣበት ሁኔታ ወደ ቤት የሚመለሱበትን ይወስናልና፣ እንደ ሌባ በሌሊት ሳይሆን ተመርቀን እንውጣ።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን! በፊታችሁ ይህን መናገሬ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ከመካከላችን አንዳንዱ ሳይሰማችሁ ይሄድ ይሆናል፤ አንዳንዱም ተሳስቶ፣ ባዶ እጁን፣ አፍሮ ይመለስ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ፍርዱን ነገ ታደርሱታላችሁ፤ በሩን ግን በዚያኑ ማታ ክፈቱለት።

እኔም የእናቴን በሶ ይዤ፣ የአባቴን ምርቃት ተቀብዬ ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው። እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ በዚያው በር እመለሳለሁ።