የአጎቴ ዋሽንትና የሰባዎቹ ሳክስፎን

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ዕለት ወላይታ ሶዶ ላይ ከተደረገ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ «ስለምትወደው ነገር አሥር ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ የዶርም ጓደኞቼ ገና ሳልጀምር ሳቁ። ምን እንደማወራ ያውቃሉ። በ2002 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ላይ በስልኬ ሳክስፎን እያስጮህኩ እንቅልፍ የነሳሁት እነሱን ነው። ይኸው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚህ የባሰ ሌላ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገርም አለኝ፤ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

አንድ ነገር ላስታውስ። የሸክላዎቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ የራሴን ግን በእኛው።

ሙዚቃው የመጣልኝ ከአዲስ አበባ በመጣ የክፍል ጓደኛዬ ፍላሽ ነው። ውስጡ የነበረው በ1970ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የተቀረጸ ጃዝና ፊውዥን ነበር። ፊውዥን ማለት ጃዝን ከሮክና ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር ያዋሃደው ነው። የእንግሊዙ ሶፍት ማሽን በ1970 ያወጣው «ሦስተኛ» የተባለው አልበም ነበረበት፤ ኤልተን ዲን ሳክስፎኑን እንደ እሳት ይለቀዋል። ሌላው እንግሊዛዊ ጆን ሰርማን ደግሞ በ1979 አንድ ሙሉ አልበም ለብቻው ሠርቷል። የራሱን ሳክስፎን በራሱ ሳክስፎን ላይ ደራርቦ እየቀረጸ፣ አንድ ሰው ሆኖ እንደ ማኅበር ይጫወታል። የኖርዌዩ ያን ጋርባሬክም ነበር። የእሱ ድምፅ ሌላ ነው፤ ቀጭን፣ ብርዳም፣ ጠዋት ከዳሞታ ተራራ ላይ እንደሚወርደው አየር። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ስሰማው «ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት ያመጣል?» እል ነበር።

ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ «ከአውሮፓ» የሚል ነበር። ጥፋቴም የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ለጊፋታ ቦዲቲ አካባቢ ወዳሉት ዘመዶቼ ሄጄ ነበር። ታላቅ አጎቴ ዋሽንት ይነፉ ነበር፤ በደስታም በለቅሶም ይጠሯቸዋል። «አጎቴ፣ እስቲ ልቅረጽዎት» አልኳቸው። ስልኬን ገልበጥ አድርገው አዩና «በዚች ቁራጭ ነገር ውስጥ እንዴት ትገባለች?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ነፉ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። ሲጨርሱ ቀረጻውን መልሼ አሰማኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «አባቴን ይመስላል» አሉ።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ጓደኛዬ አዲስ ፍላሽ ይዞ መጣ። ሚሞሪዬ ሞላ። ምን ላጥፋ ብዬ ዝርዝሩን አየሁና የአጎቴን አጠፋሁ። «ሌላ ቀን እቀርጻለሁ» አልኩ። በአጎቴ ቦታ የገባው የያን ጋርባሬክ አልበም ነው።

አጎቴ በ2006 ዓ.ም. አረፉ። ለቅሶው ላይ ልጃቸው ጠጋ ብሎ «ያ በስልክህ የቀረጽከው አለ አይደል?» አለኝ። ምን ብዬ መለስኩለት? «እፈልገዋለሁ» አልኩ። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኩትም ነበር። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ይቅርታ፣ ወንድሜ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለእነዚያ ሸክላዎች በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝ። ያን ጋርባሬክ በ1973 «ትሪፕቲኮን» የሚል አልበም አወጣ። እዚያ ውስጥ «የሙሽራ ማርሽ» የሚባል ሥራ አለ፤ የኖርዌይ ገጠር የሠርግ ዜማ ነው። ቀደም ሲል አሜሪካዊው ጥሩምባ ነፊ ዶን ቼሪ ወደዚያ ሄዶ ወጣቶቹን «የራሳችሁን አገር ዘፈን ስሙ» እያለ ይገፋፋቸው ነበር። ፖላንዳዊው የሳክስፎን ተጫዋች ዝቢግኒየቭ ናሚስዎቭስኪም በ1975 ባወጣው አልበም ኩያቪያክ የሚባለውን የገጠር ጭፈራቸውን ከፈንክ ምት ጋር አጋብቶታል፤ የአልበሙ ስምም ይህንኑ ይናገራል። እኔ የአጎቴን ዋሽንት አጥፍቼ በቦታው ያስገባሁት ሰው እኮ የእነሱን አጎቶች ዜማ ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው!

የእኛስ አገር? ጌታቸው መኩሪያ የይፋት ልጅ ነው። ሳክስፎን ከመያዙ በፊት ክራርና ማሲንቆ ይጫወት ነበር። በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ አድጎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሠርቷል። ሽለላና ፉከራን፣ ያንን ጀግና ጎራዴ ይዞ የሚያወርደውን ቃል፣ በሳክስፎን ማውረድ የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ፈረንጆቹ «ነጻ ጃዝ» የሚል ስም ሳያወጡ ማለት ነው። በኋላ የሰሙት ሁሉ «ይህ ሰው ከአሜሪካኖቹ ከማን ተማረ?» ብለው ተገረሙ። ከማንም! ከይፋት ነው ያመጣው።

በ1972 ሥራው በፊሊፕስ ሸክላ ላይ ታተመ። ያ ጊዜ የሸክላ ጊዜ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ እያለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፍቶ ነበር። የሙላቱ አስታጥቄም «የካቲት» በ1974 የወጣው በእሱ በኩል ነው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፤ የሌሊት ክበቦቹ ጸጥ አሉ፣ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። ሸክላዎቹ ግን በየሰው ቤት ቀሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እየሰበሰበ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲያሳትማቸው፣ የጌታቸው ሸክላ በ2003 ተራ ቁጥር 14 ሆኖ ወጣ። የሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ በ2004 ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው። በ2006 አብረው «ሞዓ አንበሳ»ን ሠሩ። ሰውዬው ሰባ ዓመት ሞልቶት በአውሮፓ መድረኮች ላይ ሽለላውን አወረደ።

እስቲ አስቡት፤ በ1972 ማንም ባይቀርጸውስ? ጌታቸው ያው ጌታቸው ይሆን ነበር። በ2016 ሲያርፍ ግን ያ ሁሉ ድምፅ አብሮት ይቀበር ነበር፤ እንደ አጎቴ።

ታዲያ እኛ ያለንበትን ቦታ እዩት። ደራሼዎች የቀርከሃ ፊላቸውን ሲነፉ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ይይዛል፤ ዜማው የሚወጣው ተራ በተራ ሲቀባበሉት ነው። ሙላቱ በየንግግሩ የሚያነሣው እነሱን ነው፤ ዘመናዊ ሙዚቀኞች የሚኮሩበትን የድምፅ ስልት ደራሼዎች ቀድመው ያውቁት ነበር ይላል። ጎረቤቶቻችን ዳውሮዎች ከሰው ቁመት የሚረዝመው ዲንካ አላቸው። በእኛም በወላይታ ቀበሌዎች በጊፋታና በለቅሶ የሚነፉ አረጋውያን አሁንም አሉ። አሁንም ያልኩት ዛሬ ለማለት ነው፤ ለከርሞ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። በጀት አትጠብቁ። ስልካችሁ እኔ በ2002 ከያዝኩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ አንድ ሰው ቅረጹ፤ መጀመሪያ ግን አስፈቅዱ። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ ዜማው ለምን ጊዜ እንደሚነፋ ራሳቸው በአንደበታቸው ይናገሩ። ከዚያ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከእናንተ እጅ ውጭ ይሁን። መምህራኖቻችንን ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቤተ መጻሕፍታችን እነዚህን ቀረጻዎች ተቀብሎ የሚያኖርበት አንድ ኮምፒውተር ይመድብልን።

እኔ ባለፈው ጊፋታ ጀምሬያለሁ። የአጎቴ ጎረቤት የሆኑ አንድ አዛውንት ነፉልኝ። «የአጎትዎንም ዜማ ያውቁታል?» አልኳቸው በስሕተት፤ ከመጨነቄ ብዛት የሌላ ሰው አጎት ያደረግኳቸው ይመስላል። ስቀው «የአጎትህን ማለትህ ነው? ግማሹን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

ግማሹን ቀርጫለሁ። ወንድሜ፣ ከስብሰባው በኋላ እንገናኝና ታዳምጠዋለህ።