ለስብራት የሚተከል እንሰት

ለለቡ መብራት ኃይል ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ እንሰት፣ በተለይም ስለ መድኃኒትነቱ ነው። እንሰት ለዚህ ሰፈር ሰው እንግዳ አይደለም። ቆጮው ከክትፎ ጋር ይቀርባል፤ ቡላው ለአራስ ገንፎ ይሆናል፤ ኮባው በየዓመት በዓሉ ከድፎ ዳቦ ሥር ይነጠፋል። በጀሞ በኩል ወጥቶ የጅማን መንገድ የያዘ ሰው ደግሞ ወሊሶን አልፎ ወደ ወልቂጤ ሲቃረብ በየቤቱ ጓሮ ተደርድሮ ያየዋል። በመኪና መስኮት ሲያዩት ሁሉም አንድ ነው። የጓሮው ባለቤት ግን እያንዳንዱን በስሙ ታውቀዋለች። ይህ ለቆጮ፣ ያ ለቃጫ፣ ከቤቱ ጥግ ያለው ደግሞ ሰው ሲሰበር የሚነቀል ነው ብላ ለይታ ትነግራችኋለች።

ልሟገትለት የመጣሁት ለዚህ ለመጨረሻው ነው። በጉራጌ አስታራ፣ ጓርየና ቅብናር የሚባሉት ዓይነቶች ለስብራት የታወቁ ናቸው። በወላይታ በኩል ሎጪንጊያ የሚባለው አለ። የሚፈለገው አሚቾው፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ግንደ ሥሩ ነው። ተክሉ ተነቅሎ ሥሮቹ ይመለመላሉ፤ አፈር የነካው የውጭ ልጥ እስኪነጣ ድረስ ይላጣል፤ ከዚያ በጉልህ ተቆራርጦ ድስት ውስጥ ይገባና በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀቀላል። ሲበስል እንደ ድንች ይፈረፈራል። ለተሰበረው ሰው በትኩሱ ከወተት ጋር ይሰጠዋል፤ ቤቱ ከቻለ ቅቤም ይጨመርበታል። ይህም አንድ ቀን ቀምሶ የሚተው ሳይሆን ሕመምተኛው እስኪጠና ድረስ የሚደጋገም ነው። እግሯን ለተሰበረች ወይም የእንግዴ ልጇ ለዘገየባት ላምም የሚሰጥ የእንሰት ዓይነት አለ። ከብቱም ሰውም ከአንድ ጓሮ ይታከማል።

አሚቾ በአብዛኛው ስታርች ነው። ካልሲየም አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። አጥንት ለመጠገን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ የጎደለውን የሚሞላው ወተቱ ነው። እናቶቻችን አሚቾውን ለብቻው አለማዘዛቸውን በጣም አከብራለሁ። ምግቡንና መድኃኒቱን ሳይለያዩ በአንድ ሳህን አቅርበዋል። የክንድ አጥንት ለመጋጠም ስድስት ሳምንት ገደማ፣ የጭን አጥንት ከሦስት ወር በላይ ይወስዳል። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ የሚውል ሰው የሚበላው ነገር ከሕክምናው ውጭ ሊቆጠር አይገባም።

የአገራችን ተመራማሪዎች ለስብራት ይውላሉ የሚባሉትን ዓይነቶች ከሌሎቹ ጋር በዘረመል አነጻጽረዋል። የመድኃኒት ዓይነቶቹ ለብቻቸው የተለየ ወገን ሆነው አልተገኙም፤ ከምግብ ዓይነቶቹ ጋር ተደባልቀው ነው የተገኙት። ተመራማሪዎቹም መድኃኒትነቱ ከታወቁት በዘለለ በብዙ የእንሰት ዓይነቶች ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ጠቁመዋል። ይህን ሰምቶ እንግዲያው የአስታራ ምርጫ ከንቱ ነበር የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። በዘር የሚቀራረቡ ሁለት ተክሎች በውስጣቸው በያዙት ንጥረ ነገር ሊራራቁ ይችላሉ። ክርክሩን የሚቆርጠው በሕሙማን ላይ የሚደረግ ጥናት ነው። ሁሉም በሐኪም ጄሶ ይታሰርላቸው፤ ሁሉም ወተት ያግኙ፤ ግማሾቹ የአስታራ አሚቾ፣ ግማሾቹ ሌላ አሚቾ ይብሉ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ ራጃቸው ጎን ለጎን ይታይ። ይህ ከአንድ የማስተማሪያ ሆስፒታል አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሥር በኩል በወንዙ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን አስተላላፊ መግደያ ያገኙት ከዚህ በሚያንስ ዝግጅት ነበር።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ዕውቀት እንዴት እንደያዘው ለማየት ሩቅ ልሂድ። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ፣ ሲድሃ የሚባል ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት አለ። የእንሰት የቅርብ ዘመድ የሆነው ሙዝ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ከፍሬው ይልቅ በሌላው አካሉ ይፈለጋል። የግንዱ ልብ ተጨምቆ ለኩላሊት ጠጠርና ለሽንት መታወክ ይጠጣል፤ አበባው ተቀቅሎ የወር አበባ ለሚበዛባት ሴት ይሰጣል፤ ቅጠሉ በእሳት የተቃጠለ ቆዳ ይሸፈንበታል። የዚህ የመጨረሻው ነገር ደስ ይላል። የህንድ ሐኪሞች የሙዝ ቅጠልን ከጀርም አጽድተው ከቫዝሊን ፋሻ ጋር በማወዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። ቅጠሉ ቁስሉ ላይ ስለማይጣበቅ ፋሻ ሲቀየር ሕመሙ ያነሰ ነበር፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ህንድ ለሲድሃ ቼናይ ከተማ አጠገብ ብሔራዊ ተቋም አቋቁማ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፍታለች። እዚያ ሕሙማን ይታከማሉ፣ ተማሪዎች ይማራሉ፣ ምርምር ይካሄዳል። ሲድሃ በታሚል ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት ስላሉት ለዚህ ታድሏል። የእኛም ደብተራዎች የመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈዋል። የእንሰቱ ዕውቀት ግን በብራና ላይ አልሰፈረም፤ ያለው በሴቶች አእምሮና በጓሯቸው ነው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር ባልፍ ግን በደል ነው። አሚቾ የሚሰጠው ቤት ብዙ ጊዜ ወጌሻም የሚጠራበት ቤት ነውና። ወለምታ የሚያሽ፣ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ፣ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። ነገር ግን የተሰበረን እጅ በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ መጠፈር የስንቱን ልጅ ክንድ አስቆርጧል። ስብራት ያብጣል፤ እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ደም ወደ ጣት መድረስ ያቆማል፤ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በሆስፒታሎቻችን ያሉ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ደጋግመው አይተው ጽፈውበታል። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ የታሰረው ልጅ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያውን ያን ጊዜውኑ ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ነገ ይሻለዋል አትበሉ። መጀመሪያ ራጅና ሐኪም፤ አሚቾውን ከዚያ በኋላ ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ይበላዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ለሳይንሱ ዓለም የተገለጠው ከዚሁ ከአገራችን ነው። በ1974 ሙዝንም እንደሚይዝ ታወቀ፤ በ2001 ኡጋንዳ ገብቶ የሙዝ እርሻዎችን አወደመ። ባክቴሪያው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ በመከርከሚያ ቢላዋ ነው፤ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ብቻውን ብዙ ጓሮ ያድናል። አንዳንዱ ዓይነት፣ ለምሳሌ የወላይታው ማዚያ፣ በሽታውን ይቋቋማል። ገበሬ በሽታ ሲገባበት የሚቋቋመውንና ብዙ ቆጮ የሚሰጠውን ማባዛቱ ተገቢ ነው። በዚያው ግን ለክፉ ቀን ተብሎ በአንድ ሁለት እግር ብቻ ይተከል የነበረው አስታራ ቦታ ያጣል። እንሰት በጓሮ የሚባዛው በዘር ፍሬ አይደለም። ግንደ ሥሩ ተቆርጦ መሐል እምቡጡ ይወጣለታል፤ አፈር ሲለብስ ዙሪያውን ችግኝ ያበቅላል። የዓይነቱ የመጨረሻ እግር ከሞተ እንደገና የሚዘራው ነገር የለም።

ዕውቀቱ ከተክሉ ቀድሞ ሊሞት እንደሚችልም ሰሜኑ ይመሰክራል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንሰትን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል፤ ከጣና በታች በጎጃም በኩልም ለምግብነት እንደሚውል ጽፏል። ዛሬ በዚያ አገር እንሰት በየግቢው አለ፤ ጥቅሙ ግን ለዳቦ መጋገሪያ ቅጠል ብቻ ሆኗል። አሚቾውን ቀቅሎ የሚበላ፣ ቆጮ የሚፍቅ እጅ የለም። ሁለት መቶ ዓመት ይህን ያህል አስረስቷል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ልጆች ከጓሮው ርቀው በለቡና በጀሞ የሚያድጉበት ፍጥነት ከዚያ ይበልጣል።

አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ ይንከባከባል። ተክሉ እዚያ አለ፤ ለምን እንደሚውል የሚያውቁት ግን የእናንተ እናቶችና አያቶች ናቸው። ወጣቶች ለመስቀል ወደ ቤተሰብ ስትወርዱ ስልካችሁን ይዛችሁ ጓሮ ግቡ። የእያንዳንዱን እንሰት ስም ጠይቁ፤ ለስብራት፣ ለአራስ፣ ለላም የሚውለውን ለዩ፤ ከምን ጋር፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ በአያታችሁ ድምፅ ቅዱ፤ ስንት እግር እንደቀረ ቁጠሩ። ግቢ ያላችሁ የዚህ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ከጤነኛ ጓሮ የተወሰደ አንድ የአስታራ ችግኝ አምጥታችሁ ትከሉ። እንሰት ደጋና ወይና ደጋ ይስማማዋል፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ይመቸዋል። ሲደርስ አሚቾውን እንዴት እንደሚላጥ የሚያውቅ ጎረቤት በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ።

ከእናንተ መካከል የዓይነቶችን ስም የምታውቁ ካላችሁ፣ ከጥያቄው በፊት እናንተን ለመስማት እፈልጋለሁ።