ሠፈሩን ያቆየው የዱቤ ደብተር

(በኅዳር 12 የጽዳት ቀን ለሠፈሩ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በቅድሚያ ከማለዳው ጀምሮ መጥረጊያና አካፋ ይዛችሁ ለወጣችሁ ሁሉ ማኅበራችን ምስጋናውን ያቀርባል። እንደሚታወቀው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሠፈር ጠርገን፣ ቆሻሻ አቃጥለን የምናጥነው፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከፈጀበት ጊዜ የወረስነው ልማድ ሆኖ ነው። እኛም በዕድሜያችን የራሳችንን ወረርሽኝ አይተናል። ዛሬ ጥቂት ልንነጋገር የወደድነው ግን ስለ በሽታው ሳይሆን በዚያ ጊዜ ስለነበሩት የሠፈራችን ትንንሽ ነጋዴዎች ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲም ግማሽ ሰው እየጫነ ታሪፉ እስከ እጥፍ ሆነ። እንደ አንዳንድ አገሮች ሱቅ ሁሉ ይዘጋ አልተባለም። «ታዲያ ሱቁ ክፍት ከሆነ ነጋዴው ምን ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ሱቁስ ክፍት ነበር፤ ገበያተኛው ነው የጠፋው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው ሱቅ፣ በር ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰው እናት አብረው ገበያ አጡ። ከፋሲካ በኋላ የሚጠበቀው የሠርግ ወቅት ሲቀር ድንኳን አከራዩ፣ ፎቶ አንሺው፣ ድግስ ሠሪዋ የዓመቱ ገቢያቸው ቀረ። እጅ መጨባበጥ እንኳ በተከለከለበት ጊዜ ፀጉር ቤት ማን ይገባል? ሊስትሮውስ የማንን ጫማ ይጥረግ?

ይሁን እንጂ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋ የነበረው ልብስ ሰፊያችን በተራፊ ጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስፋት ጀመረ። ጀበና ቡና የምታፈላው እህታችን በርጩማዎቿን አንስታ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዛ ሕንፃ ወደሚሠራበት ወረደች። ምግብ ቤቱ ወንበሩን ደራርቦ እንጀራና ሽሮ በሳህን ወደየቤቱ መላክ ያዘ። ባለሱቆቻችን በራቸው ላይ ገመድ ወጥረው፣ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጠው ሲያስታጥቡን ከረሙ። ሁሉም አልቀናቸውም። መሸፈኛውን ሁሉ ሰው ሲሰፋው ዋጋው ወደቀ፤ ያ ምግብ ቤትም ዛሬ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን ሠፈሩን ያቆየው ዱቤ ነው። ደመወዙ የተቋረጠበትም፣ የቀን ሥራ ያጣውም ወደዚያች ደብተር ሄደ። ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት «ያዝብኝ» እያልን ወሰድን፤ ባለሱቁም ጻፈ። ለምን ጻፈ ብትሉ ስለሚያውቀን ነው፤ ባንክ እኮ ለዘይትና ለስኳር አያበድረንም ነበር።

ሲከፈልስ? ብዙዎቻችን የከፈልነው ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬ ያልከፈልንም አለን። በዚያን ጊዜ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ስለነበር፣ እኛ በ1 ሺህ ብር የወሰድነውን ዕቃ ባለሱቁ መልሶ ሊገዛ ሲሄድ ከ1 ሺህ 200 ብር በላይ ተጠየቀ። እኛ 1 ሺህ ብር መልሰን «ከፈልን» አልን፤ ልዩነቱን የከፈለው እርሱ ነው። መደርደሪያው እየሳሳ ሄዶ በሠፈራችን ሁለት ሱቆች የተዘጉት በበሽታው ወራት ሳይሆን ከዚያ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። አዋጁ በጸናበት ጊዜ ተከራይን ማስወጣትም ሆነ ኪራይ መጨመር ክልክል ነበር፤ አዋጁ ሲያበቃ ግን ያ ከለላ አብሮ ሄደ።

ማኅበራችንም ከነቀፌታ አይድንም። ለችግረኛ ቤተሰቦች ማዕድ እናጋራ ብለን ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ዱቄቱንና ዘይቱን የገዛነው ከመርካቶ በጅምላ ነበር። መኪናው ሲያራግፍ ባለሱቆቻችን በራቸው ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ለጥቂት ብር ቅናሽ ብለን በክፉ ቀን ያበሉንን ሰዎች ገበያ ነሳናቸው። ይህንን ዛሬ በግልጽ መናገር ይገባናል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ሌላ ክፉ ቀን አይመጣም ማለት ግን አይደለም። ስለሆነም የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ለውይይት እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የቆየ የዱቤ ዕዳ ያለብን እስከ ገና ድረስ ከባለሱቁ ጋር እንተሳሰብ፤ ባንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ በየወሩ ይክፈል።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ለእርዳታም ሆነ ለስብሰባ የሚያስፈልገውን ሁሉ በቅድሚያ ከሠፈሩ ይግዛ።

ሦስተኛ፣ የሠፈራችን ዕቁቦች ከየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያስቀሩ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይያዙ፤ ሲታደልም የጉሊትና የጀበና ቡና ሻጮች፣ ሊስትሮዎችም «ቋሚ ሱቅ የላቸውም» ተብለው አይዘለሉ።

እንግዲህ ቆሻሻውን ጠርገናል፤ ዕዳው ቀርቷል። ከዚህ ስንነሳ፣ ቤታችን ከመግባታችን በፊት በሱቁ በኩል እንለፍ።